ያልተጠራው ጠመንጃ

የእማማ ወለተሥላሴ አንድ ተራ ቀን ብዙ ወጪ የለውም። ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ለሽሮ የምትሆን ትንሽ ዘይት፣ ለዓይናቸው ጠዋትና ማታ አንዳንድ ጠብታ መድኃኒት፣ አንድ ዳቦ። ዳቦውንም ለሁለት ይገምሱና ግማሹን ለልጄ ይሰጡታል፤ ስለዚህ በእሳቸው ስም ግማሹን ብቻ ልቁጠረው። ለባጃጅ አይከፍሉም። ሰቆጣ ውስጥ ከእሳቸው ሒሳብ የሚቀበል ባለ ባጃጅ እስካሁን አላየሁም፤ የሁሉም ሹፌር አባት ወይም አያት በእሳቸው አፍ ተለቅሶለታል። ውድ የሚሆንባቸው የለቅሶ ቀን ነው። እሱን በድምፃቸው ነው የሚከፍሉት። ከቀብር ሲመለሱ ሦስት ቀን ሙሉ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። ተልባ በጥብጬ እሰጣቸዋለሁ፣ እሱንም ጉሮሯቸውን ይዘው ነው የሚውጡት።

እማማ ወለተሥላሴ አልቃሽ ናቸው። እኔና ባለቤቴ የተከራየነው ክፍል ከእሳቸው ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ የተወለዱት ፃግብጂ ነው፣ በኽምጥኛም በአማርኛም ያለቅሳሉ። ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። እኔ ግን እንደ እሳቸው ብዙ ያየ ሰው አላውቅም።

በእኛ አገር ወንድ ሲሞት ጠመንጃው ለቅሶው መሐል ይወጣል። ዘመድ በትከሻው አድርጎት ይዞራል፣ አልቃሿም ትጠራዋለች። ምንሽር ከሆነ ምንሽር፣ አልቢን ከሆነ አልቢን። ከማን እንደተወረሰ፣ በየትኛው ዓመት ቤት እንደገባ፣ ሰደፉ ተሰብሮ ከሆነ ማን እንደጠገነው ሁሉ በሙሾው ውስጥ ይባላል። እማማ ይህን ሲሠሩ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ደብተር የላቸውም። የሀገሩ ጠመንጃ ሁሉ ግን ከነባለቤቱ ጭንቅላታቸው ውስጥ ተደርድሯል። ወንድማማቾች በውርስ ሲጣሉ፣ “የአባታችን ነው፣ አይ የአጎታችን ነው” ሲባባሉ፣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ “ወለተሥላሴ ጠርታዋለች?” ከጠሩት ነገሩ አለቀ።

እኔ አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ቶሎ አላምንም ነበር። አንድ ቀን ጠመንጃ ጠጋኙ ሰማኸኝ ሊፈትናቸው ሁለት አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ግቢያችን መጣ። እማማ የመጀመሪያውን ሰደፍ በመዳፋቸው ዳበሱት።

“ይህ የአስማረ ነው። በሰባ ሰባት ድርቅ ጊዜ ሊሸጠው ወልድያ ድረስ ወስዶ፣ ገዢ አጥቶ ተሸክሞት ተመለሰ። እግሩ ቆስሎ ነበር።”

ሰማኸኝ አፉን ከፈተ። ሁለተኛውን አቀበላቸው። ዳበሱት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

“አንተ! ይህ ሰውዬ እኮ አልሞተም። ከማን ሰረቅከው?”

“ኧረ እማማ! ምላጩ ላልቶበት እንድጠግንለት ሰጥቶኝ ነው!”

ያን ቀን ስቄ ብቻ አልቀረሁም። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ክንዴ ላይ ያለው ጸጉር ቆሞ ነበር።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ታናሽ እህቴ እስከዳርና የፃግብጂው ወንዳወቅ ይዋደዳሉ። እሱ ሰቆጣ ውስጥ የግንበኝነት ሥራ ይሠራል፣ እሷ ነርስነት ተመርቃለች። በጥር ሊጋቡ ቀን ተቆረጠ። ኅዳር ላይ የወንዳወቅ አያት አቶ ካሳ፣ “ይህ ጋብቻ አይሆንም” አሉ።

ምክንያቱ አሮጌ ነው። በስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት የእኛ አያት ወንድም በግጦሽ ድንበር ተጣልቶ የአቶ ካሳን ታላቅ ወንድም፣ የሺዋስን፣ በጥይት ገደለው። በዓመቱ ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ ይባላል፤ የእኛ ቤት ለደም ካሣ ጠመንጃ ሰጠ ይባላል። “ይባላል” የምለው ያስታረቁት ሁሉ ስለሞቱ ነው። ወረቀት የለም። አቶ ካሳ ደግሞ በዚያን ጊዜ በሀገሩ አልነበሩም። በሃምሳ ዘጠኝ ወታደር ቤት ገብተው፣ ጎዴ ነው፣ አሥመራ ነው ሲሉ ቆይተው፣ የተመለሱት በሰማንያ ሦስት ነው። አባታቸውም እናታቸውም ሞተው ጠበቋቸው።

ቤታቸው የተሰቀለው ጠመንጃ አንድ ብቻ ነው፤ ቀበሌ አስመዝግበውታል። ሰው “የወፍ ጠመንጃ” ይለዋል። ጥይቱ አንድ ሆኖ አይሄድም፤ ሲተኮስ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ይበተናል። የእኛ ቤት፣ “የሰጠነው ካሣ እሱ ነው” ይላል። አቶ ካሳ፣ “እሱ አይደለም፣ እሱ በኋላ የመጣ ነው” ይላሉ። ካሣው ካልተከፈለ ደሙ አልደረቀም፤ ደሙ ካልደረቀ የእኛ ልጅ በእሳቸው ቤት ምራት ሆና አትገባም። እስከዳር ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።

እኔ አልቅሼ መቀመጥ አልችልበትም። ወንዳወቅን፣ “ጠመንጃውን ከነወረቀቱ አምጣው፣ ዕድሜው ይታወቅ” አልኩት። ለጥገና ብሎ አያቱን አስፈቅዶ አመጣው፤ ሰማኸኝ ዘንድ ይዘነው ሄድን።

ሰማኸኝ ባዶ መሆኑን ሦስት ጊዜ ካየ በኋላ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ቀርቤ አይቼ አላውቅም። ከበርሜሉ ሥር እንደ በቆሎ እሸት ዙሪያውን የተቦረቦረ እንጨት አለው። ሰማኸኝ እንጨቱን ይዞ ወደ ኋላ ሳበው፣ ወደ ፊት ገፋው። ሸርተት፣ ቀጭ። ጀርባዬ ላይ ሲነጫነጭ የነበረው ልጄ ጸጥ አለ።

“ሰማሽው? ሲስቡት ባዶውን ቀልሃ ይተፋል፣ ሲገፉት ሌላ ይጎርሳል። ከትከሻ ሳይወርድ አምስት ጊዜ። ከስንት ዓመት በኋላ አንድም ነገር አይንቋቋም። የሠራው ሰው እጅ ይባረክ!”

“ዕድሜውስ?”

“ቆይ እንጂ፣ አታቻኩዪኝ።” በርሜሉን በጨርቅ ጠረገና መብራት ጣለበት። ቁጥሩን አየሁ፤ ከእሱ ራቅ ብሎ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ሁለት የፈረንጅ ፊደሎች ተመትተዋል። “ቁጥሩ ብዙም አይነግርሽም። ፊደሎቹ ናቸው የሚናገሩት። አንዱ ወሩ ነው፣ አንዱ ዓመቱ። ፋብሪካው ለራሱ ነው የጻፈው።” ከስልኩ ውስጥ አንድ ሰንጠረዥ አውጥቶ በጣቱ ሲከተል ቆየ። “በፈረንጅ ሃምሳ አንድ፣ የካቲት። በእኛ አርባ ሦስት።”

ልቤ ዘለለ። እርቁ በስድሳ ሁለት ነው። ጠመንጃው ከእርቁ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ይቀድማል!

“ምን ያህል ያወጣል?” አልኩት፤ ይህንንም ሽማግሌዎቹ እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ።

“በርሜሉ አልተቆረጠም፤ ብዙ ሰው ሊያሳጥረው ብሎ ይቆርጠዋል፣ ያኔ ዋጋው ገደል ገባ ማለት ነው። ውስጡ ዝገት አልበላውም፤ ነይ እዪው።” አየሁት። እንደ ጉድጓድ ውሃ ያበራል። “እንጨቱም የራሱ ነው። እዚህ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በቆዳ ተጠፍሯል፣ እሱ ትንሽ ይቀንሰዋል። ትልቁ ችግሩ ግን ቀልሃው ነው። ገበያ ላይ ቀልሃ የማይገኝለት ጠመንጃ ዱላ ነው። ዛሬ አንድ ደህና በሬ ቢያወጣ ነው። በዚያን ዘመን ቀልሃው እያለ ግን፣ እኔ እንጃ፣ ሌላ ነገር ነበር።”

ሁሉን በወረቀት ጽፌ ከወንዳወቅ ጋር ፃግብጂ ወጣሁ። አቶ ካሳ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ወታደርነታቸው ከትከሻቸው ያልወረደ ሽማግሌ ናቸው። ወረቀቴን አስነበቡኝና በትዕግሥት አዳመጡኝ።

“ጎበዝ ነሽ” አሉ። “አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ያን በሬ ታዪዋለሽ? አምና ነው የገዛሁት። ዕድሜው ዘጠኝ ነው። እኔ ቤት ዘጠኝ ዓመት ኖረ ማለት ነው?”

ወረቀቴን አጠፍኩት።

“ጠመንጃው አሮጌ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ ልጄ። መቼ ተሠራ አይደለም ጥያቄው። መቼ ቤቴ ገባ ነው። አባቴ ገብረ አምላክ የሞተው በሰባ አራት ነው። ወለተሥላሴ አልቅሳለታለች። ሀገሩ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ሙሾ ነው፦

ምንሽሩ ተሰቅሎ ከግድግዳው ላይ፣
ወዴት ሄደ ጌታው አያነሣው ወይ።

ምንሽር! የአባቴ ጠመንጃ ምንሽር ነበረ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ተሸጠ፣ በምትኩ ይቺ የወፍ ጠመንጃ ተገዛች፤ እህቴ እንደዚያ ነው የነገረችኝ፣ ነፍሷን ይማርና። ይቺ የወፍ ጠመንጃ አባቴ ሲሞት ቤት ውስጥ ብትኖር ወለተሥላሴ ትዘላት ነበር? ያቺ ሴት ጠመንጃ ዘልላ ታውቃለች?”

አታውቅም። ማንም ሰው የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ንግግር የለም። እህቴ ላይ በሩን የዘጋው የጎረቤቴ ቃል ነው፣ ያ ቃል ደግሞ ተሳስቶ አያውቅም።

ሰቆጣ እንደደረስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። እማማ ወለተሥላሴ ዳቦ ሊገምሱ ይዘው ነበር። አልገመሱትም።

“ገብረ አምላክ” አሉ። “የወፍ ጠመንጃ።”

“አዎ እማማ። በሙሾው ላይ አልጠሩትም አሉ።”

“አልጠራሁትም።” ዳቦውን ሙሉውን ለልጄ ሰጡት። ከዚያ ገብተው በራቸውን ዘጉ። በቀን በራቸው ሲዘጋ አይቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ለብሰው፣ ነጠላቸውን መስቀልያ አጣፍተው፣ ደጃፌ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

“ካሳ ዘንድ ውሰጂኝ። ሽማግሌዎቹም ይምጡ። ጠመንጃውም ይምጣ።”

“እማማ መንገዱ ይጎዳዎታል። የሚሉትን ይንገሩኝና እኔ ልሂድ።”

“በአንቺ አፍ የሚሆን አይደለም” አሉኝ።

እሑድ ዕለት እህል በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ እሳቸውን በመሐል አድርገን ሄድን። ሹፌሩ ገና ሲያያቸው ሬዲዮውን ዘጋ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ እስከዳር በጥር ታገባለች ወይስ አታገባም።

አቶ ካሳ ግቢ ሦስት ሽማግሌዎችና ወደ ሃያ የሚሆን ጎረቤት ተሰብስቧል። እማማን እጃቸውን ይዤ ስገባ ሁሉም ብድግ አለ። አቶ ካሳ ቀርበው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ እኩያ ናቸው፣ በልጅነት አብረው ከብት ጠብቀዋል።

“አንቺ ወለተሥላሴ፣ አለሽ እንዴ?”

“አለሁ። አንተን ሳላለቅስልህ እንዴት እሞታለሁ!”

ሰው ሳቀ። አቶ ካሳም ሳቁ። “ለእኔ ምን ብለሽ ልታለቅሺ አስበሻል?”

“እሱ በዛሬው ሥራህ ይወሰናል” አሉና የድንጋዩ መደብ ላይ ተቀመጡ። ሳቁ ቆመ። “ጠመንጃውን ስጡኝ።”

ወንዳወቅ ጭናቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ጣታቸው ከአፈሙዙ ጀምሮ በበርሜሉ ላይ ወረደ፣ የተቦረቦረውን እንጨት አንድ በአንድ ቆጠረ፣ አንገቱ ላይ የተጠፈረው ቆዳ ላይ ሲደርስ ቆመ። እዚያው ቀረ።

“ካሳ፣ አባትህ ምንሽር ኖሮት አያውቅም” አሉ።

“እንዴት?”

“አንድ ጠመንጃ ነው የነበረው። ይህ ነው። እኔ ምንሽር ብዬ ጠራሁት። ውሸት ነው የጠራሁት።”

እንዲህ ያለ ነገር ከእሳቸው አፍ ይወጣል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። አንደኛው ሽማግሌ፣ “ወለተሥላሴ፣ ምን እያልሽ ነው?” አሉ።

“የምለውን አውቃለሁ። የለቅሶው ዕለት የካሳ እህት መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። ‘የሰው ሁሉ አባት በምንሽር ሲለቀስ የእኔ አባት በወፍ ጠመንጃ ሊለቀስ ነው? ሰው ይስቅብናል፣ ወንድሜ ወታደር ቤት ነው፣ እኔ ሴት ነኝ፣ አታዋርጂኝ’ አለችኝ። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር። አሳዘነችኝ። ጠመንጃውን በነጠላ ሸፍነው አዞሩት፣ እኔም ምንሽር አልኩ። አንድ ቀን ነው፣ ያልፋል አልኩ። ይኸው አላለፈም።”

አቶ ካሳ ቆመው ነበር። “እሺ፤ አሁንስ ውሸት አለመሆኑን በምን አውቃለሁ? የዚች ልጅ ጎረቤት ነሽ።” በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ። “ደግሞስ ለሰው ደም የወፍ ጠመንጃ የሚቀበል ማን ነው? አባቴ እንዲህ የተዋረደ ሰው ነበረ?”

“የተቀበለው አባትህ አይደለም። እናትህ ናት።”

ከዚያ በኋላ የነገሩንን በእሳቸው አነጋገር ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እጄ አይደርስበትም። በስድሳ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመታቸው ሳለ፣ ሙሾ የሚማሩት ከአቶ ካሳ እናት ከወይዘሮ ብርሃነሽ ነበር። የእርቁ ዕለትም አጠገባቸው ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ካሣውን አሥር ላም የሚያወጣ ጠመንጃ ብለው ወሰኑ። የእኛ ቤት ሰዎች ሁለት ጠመንጃ አምጥተው ቁርበት ላይ አስቀመጡ። አንዱ ምንሽር፣ አንዱ ተራራ ሊለካ የመጣ ፈረንጅ ለመንገድ መሪው ሰጥቶት የሄደ ይህ የወፍ ጠመንጃ። ምንሽሩ አሥር ላም ያወጣል ተባለ፣ ሁሉም ተስማማ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ብርሃነሽ ከሴቶቹ መሐል ተነሡ።

“‘ልጄን የገደለው ምንሽር ነው’ አለች” አሉ እማማ። “‘ሰው የሚገድል ነገር ዳግመኛ ቤቴ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ያ የሚበተነው ምን ይገድላል?’ ብላ ጠየቀች። ‘ወፍ ይገድላል፣ ከማሽላው ላይ ዝንጀሮ ያባርራል’ አሏት። ‘እሱን ስጡኝ’ አለች። ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። ‘ይህ ሰባት ላም እንጂ አሥር አይደርስም፣ ካሣው ጎደሎ ይሆናል’ አሏት። እሷስ ምን እንዳለች ታውቃለህ፣ ካሳ? ‘የጎደለውን ሦስቱን እኔ ሞልቼዋለሁ’ አለች። ያን ጊዜ ጠመንጃውን አንሥተው ሰጧት።”

አንዲት ሴት ከኋላዬ እልል ልትል ጀምራ አፏን ያዘች። እኔ ልጄን አጥብቄ ይዤው ነበር፣ ለካ አሳምሜው ያለቅሳል። አንዲት እናት የሞተ ልጇን ዋጋ ስታስገምት ቆማ፣ የጎደለውን ከራሷ ሞላች! እኔ ብሆን ምን እል ነበር? አላውቅም። አሁንም አላውቅም።

አቶ ካሳ ግን ወታደር ናቸው። “መልካም ታሪክ ነው” አሉ ቀስ ብለው። “ማስረጃ ግን አይደለም።”

“ቢላ አምጡ” አሉ እማማ። “ይህን የፍየል ቆዳ ከላይ ቅደዱት። ከሥሩ ያለውን ግን እንዳትነኩት። በእርቁ ዓመት ሰደፉ ሲሰነጠቅ እሷ ስትሰፋ እርጥቡን ቆዳ የወጠርኩላት እኔ ነኝ። ከሥሩ ምን እንዳስገባች አውቃለሁ።”

ወንዳወቅ ቀደደው። በጢስና በቅቤ የጠቆረው የፍየል ቆዳ እንደ ቅርፊት ተላጠ። ከሥሩ ወፍራም፣ ቀይ ቡኒ የከብት ቆዳ ወጣ፤ አንገቱን ሦስት ጊዜ ዞሮታል፣ የሰፌድ አሰፋፍ በሚመስል ጥብቅ ክር ተሰፍቷል። ጫፉ ላይ አምስት የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ። ቀበቶ ነው።

አቶ ካሳ አንድ እርምጃ ቀረቡ። ከዚያ ተቀመጡ፤ መደቡ ላይ አይደለም፣ መሬቱ ላይ።

“ከውስጥ በኩል እዩት” አሉ። “ስሙ አለበት። እኔ ነኝ በምስማር የጻፍኩት። በመጀመሪያው ደሞዜ የገዛሁት ነው፤ ለየሺዋስ በሰው ልኬለት ነበር።”

ክሩን ጥቂት ፈታ አድርገን ገልበጥ አደረግነው። ፊደሎቹ የተጣመሙ ናቸው፣ የወጣት እጅ ነው፣ ግን ይነበባሉ። ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ የሺዋስ።

“እናቴ የሞተችው በስድሳ ስድስት ነው” አሉ አቶ ካሳ፤ የሚናገሩት ለራሳቸው ይመስላል። “ከአባቴ ስምንት ዓመት ቀድማ። ይህ የእሷ ስፌት ነው። እንግዲያ ያኔም እዚህ ነበረ።” መዳፋቸውን ቀበቶው ላይ አሳረፉ። “ሠላሳ አራት ዓመት ተሸክሜው ስዞር ወንድሜን ይዤ ነበር ለካ።”

ማንም አላቻኮላቸውም። ሲበቃቸው ተነሡ፣ የቀሚሴን ትከሻ ነካ አደረጉና፣ “ለእህትሽ ንገሪያት፤ ቀኑ እንደተቆረጠው ነው” አሉኝ። ወንዳወቅ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ ምስጋናዬን በወጉ እንኳ አላቀረብኩም፤ ስልኬን አውጥቼ ሲግናል ፍለጋ ጓሮ ሮጥኩ።

ስመለስ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እማማ ፊት ቆመዋል።

“የእኔ አባትስ? አልቢን ነው ያልሽው።”

“ያንተ እውነት ነው። አልቢን ነበረ፣ ምላጩ በሽቦ የታሰረ።”

“የእኔ አጎትስ?” አሉ ሌላው ሽማግሌ። “ጠመንጃው ለበን ነው ብለሽ በእሱ ምክንያት መሬት ተካፍለናል!”

“ያንተም እውነት ነው።” ትናንት ቢሆን ማንም እንዲህ ብሎ አይጠይቃቸውም ነበር። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያጠራቀሙትን አመኔታ ለእህቴ ብለው ግቢው መሐል ሲያፈሱት አየሁ፤ እስከዳርን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያገኟት።

አቶ ካሳ ሰዎቹን በእጃቸው ገለል አደረጉ። “በቃ፣ ተዉአት። አንቺ ሴት፣ አሁን አስተካክዪው እንጂ። ሙሾውን።”

“ለቅሶ የለም፤ ያለ ሬሳ እንዴት አለቅሳለሁ?”

“እናቴ በረሃብ ጊዜ ነው የሞተችው። ያለቀሰላት ሰው አልነበረም።”

እማማ ጠመንጃውን ለወንዳወቅ ሰጡት፤ ምን እንደሚደረግ ያውቃል፣ በትከሻው አድርጎ በግቢው መሐል መዞር ጀመረ። በዚህ ጊዜ ያለ ነጠላ ነው፣ ቀበቶው እየታየ። እሳቸው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሠሩ።

ሰው የሚጥለውን አልፈልግ ብላ፣
የወፉን ወሰደች ለእርሻ ከለላ።

ሌላም ብዙ አሉ፣ በኽምጥኛም አሉ፤ በኽምጥኛው ላይ ወንዶቹም አለቀሱ። እኔ ያቺ ድምፅ ከዚያች ቀጭን አንገት እንዴት እንደምትወጣ አሁንም አይገባኝም። ከሸንተረሩ ማዶ ያሉ ሰዎች ሥራቸውን ትተው ቆመው ሲያዳምጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስንመለስ ድምፃቸው እንደተለመደው ሄዶ ነበር። ጋቢናው ውስጥ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

“ይህን ትጽፊዋለሽ አይደል? መጻፍ ትወጃለሽ።”

“ካልከፋዎት እጽፈዋለሁ እማማ።”

“አይከፋኝም። ግን የእኔንም ቃል ጨምሪበት።” ትንፋሽ ሰበሰቡ። “ከዚህኛው ሌላ በውሸት የጠራኋቸው ሁለት አሉ። አንዱን አስታውሰዋለሁ፣ ልጆቹን ጠርቼ እነግራቸዋለሁ። ሁለተኛው ግን የማን ቤት እንደነበረ ጠፍቶኛል። ውሸት መሆኑ ብቻ ነው ውስጤ የቀረው።”

እኔ ጻፍኩት፤ የቀረው የእሳቸው ነው። ይህን የምታነቡ የዋግ ሰዎች፣ እማማ ወለተሥላሴ እንዲህ ይላሉ፦ አባታችሁ ወይም አያታችሁ ሲሞት አልቅሼለት ከሆነ፣ የጠራሁትንም ጠመንጃ በቃላችሁ የምታውቁት ከሆነ፣ ቤት ገብታችሁ ከግድግዳው አውርዱና እዩት። እኔ ያልኩትና እሱ ካልተገናኙ አትፍሩኝ፣ ሐፍረትም አይያዛችሁ። ሰቆጣ ኑና ንገሩኝ፤ ጠመንጃውን ባታመጡት እንኳ ምን እንደሚመስል ንገሩኝ። በሕይወት ሳለሁ እንደገና ልጥራው።